የእድሩ ቦታ

አንዲት ሴት አለች እሺ፣ የእድር ድንኳን ፀሐይ ላይ ዘርግታ ቀዳዳውን ትጠቅማለች። ይታያችኋል? ሻሿን ግንባሯ ላይ ሸብ አድርጋ፣ የጆንያ መርፌውን በጥርሷ ነክሳ፣ ድንኳኑ መሀል ቁጭ ብላለች። ስልኳ ጮኸ።

ልጆች፣ እኔ ይቺን ሴትዮ ወድጃታለሁ። ገና ምንም ሳልነግራችሁ ወድጃታለሁ። እናንተም ትወዷታላችሁ፣ ቆዩ ብቻ።

እትዬ ደብሪቱ ይሏታል። የሰፈሩ እድር ሊቀመንበር ናት። ሰው ሲሞት ድንኳኑ የት ይተከል፣ ወንበሩን ማን ያምጣ፣ ድስቱን ማን ይጣድ፣ ሁሉንም የምታዘው እሷ ናት። እድሩ ደግሞ አንድ ቦታ አለው። ትልቅ እንዳይመስላችሁ፤ የቆርቆሮ መጋዘን፣ ከፊቷ ትንሽዬ ግቢ፣ ግቢው ላይ አንድ የዋንዛ ዛፍ። በቃ። ግን ያቺን ቦታ ለማስከበር እትዬ ደብሪቱ ያልወጣችው ደረጃ የለም። ነገ ተመለሺ ሲሏት ነገ ትመለሳለች። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ሲሏት ስብሰባው እስኪያልቅ ደጅ ትቀመጣለች። አንዱ ይልካታል፣ ሌላው ይመልሳታል። ካርታው የወጣ ቀን መጋዘኑ በር ላይ ቆማ አለቀሰች ይባላል። ስለዚህ ያቺ ቦታ ለእሷ ምን እንደሆነች ገባችሁ አይደል?

እሺ፣ ስልኩ። የደወለው አቶ ናሆም የሚባል ሰው ነው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሕዝብ ጉዳዮች ትምህርት ቤት የሚባል አለ፤ እዛ ነው የሚሠራው። ምን መሰላችሁ ይሄ ትምህርት ቤት? ውሃ ጠፋ ብላችሁ የምትሄዱበት ቢሮ አለ አይደል? መታወቂያ ልታወጡ ትሄዳላችሁ አይደል? እዛ ወንበር ላይ የሚቀመጠውን ሰው ነው የሚያስተምሩት። ሰውን ቀና ብሎ አይቶ እንዲያስተናግድ፣ ነገ ተመለሱ እንዳይል። ለትምህርት ቤቱ ደጋፊ እየተሰበሰበ ነው፣ ቅዳሜ የደጋፊዎች ቀን አለን፣ የቻለ ሁሉ የቻለውን ይዞ ይመጣል አላት። እሷም ጎሽ፣ እግዚአብሔር ያበርታችሁ አለች። ከዛ ነው ነገሩ የመጣው።

«እማማ፣ እድራችሁ ለተማሪዎቻችን ቦታ ቢሰጠን ብለን ነው።»

መርፌውን ከአፏ አወጣች። «የምን ቦታ?»

«ሰፊ አንልም። አንዲት ልጅ የምታስቀምጥ ብትሆንም ትበቃናለች።»

«ቦታው እኮ የእድሩ ነው የኔ ልጅ፤ የኔ አይደለም።»

«እሱማ እናውቃለን። አባላቱን ያማክሩና ቅዳሜ መጥተው ይንገሩን።»

ቆይ፣ እዚህ ጋ ቁሙልኝ። እናንተ ቦታ ሲባል ምንድነው የምትሰሙት? የታክሲ ረዳት ቦታ አለ ሲላችሁ ምን ማለቱ ነው? ጓደኛችሁ ሠርግ ላይ ቦታ ያዢልኝ ስትላችሁስ? እሱን ማንም ያውቀዋል። ግን አባታችሁ ከአጎታችሁ ጋር ጥግ ይዞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የቦታው ጉዳይ እንዴት ሆነ ሲለው? እሱ መሬት ነው። አቶ ናሆም አንዱን ቦታ ተናገረ፤ እትዬ ደብሪቱ ሌላኛውን ሰማች። አንድ ቃል ነው። ወይኔ፣ በአንድ ቃል ስንቱ ነው የተለያየው?

ድንኳኑን እንደተዘረጋ ትታ አባላቱን ጠራች። ዋንዛው ሥር ተሰበሰቡ። ጋሽ ሽብሩ አለ፣ የድንኳን ተካዮቹ አለቃ፣ ሁሌ የሚቀልድ። ዩኒቨርሲቲው የከተማውን ግማሽ ይዞ አሁን የቀረችው የኛ ድስት ማስቀመጫ ሆነች እንዴ አለ። እትዬ አስካለ የምትባል ደግሞ አለች፣ ነገር ከሩቅ የሚታያት። እሷ ምን አለች መሰላችሁ? ዛሬ አንዲት ልጅ ያስቀምጣሉ፤ ልጅቷ ብቻዋን አታድርም፣ ጥበቃ ይቀጥሩላታል፤ ጥበቃው ማደሪያ ይላል፤ ማደሪያው አጥር ይላል፤ አጥሩ ሲያልቅ እኛ ከውጭ ነን አለች። ሁሉም እውነትሽን ነው አሉ። በቃ ሕንፃው ቆሞ ታያቸው፣ ምን ልበላችሁ፣ ፎቁን ሁሉ ቆጠሩት።

ተወሰነ። ቅዳሜ እትዬ ደብሪቱ ትሄድና በሰው ፊት፣ በክብር፣ አንሰጥም ትላለች።

ቅዳሜ ሄደች። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ አዳራሹ ውስጥ ጥግ ላይ ተቀመጠች። አንሰጥም የምትለውን በልቧ እየደጋገመች ነው። ሰዎቹ ተራ በተራ እየተነሱ እኔ ይሄን እሰጣለሁ፣ እኔ ይሄን እሰጣለሁ ይላሉ። መጀመሪያ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ያለው ሰውዬ ተነሳ፤ ከገጠር ለሚመጡ ሴት ልጆች የቤት ኪራይና የመጽሐፍ ወጪያቸው በኔ ነው አለ። ተጨበጨበ። እሷም አጨበጨበች። አንዲት ሴት ተነሳች፤ አባቴ የማዘጋጃ ቤት ሰው ነበር፣ መጽሐፎቹ ካርቶን ውስጥ አቧራ እየጠጡ ነው፣ ለቤተ መጻሕፍታችሁ ይሁኑ፣ ልጆቹ ሲያነቧቸው አባቴ ሥራ የገባ ይመስለኛል አለች። እትዬ ደብሪቱ ዓይኗን ጠረገች። እዛው ትምህርት ቤት የተማረ አንድ ወጣት ደግሞ ሚኒባስ አለኝ፣ ተማሪዎቹ ገጠር ቀበሌ ሲወጡ እኔ አመላልሳቸዋለሁ አለ።

ከዛ አንድ ሽማግሌ ተነሱ። ጡረታ የወጡ የወረዳ አስተዳዳሪ ናቸው። ይሄን አገላለጻቸውን ሞቼ ነው የምወደው፤ «እኔ ገንዘብ የለኝም» አሉ፤ «ሐሙስ ሐሙስ እየመጣሁ የተሳሳትኩትን አስተምራለሁ። ለሴሚስተሩ የሚበቃ ስህተት አለኝ።» አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እትዬ ደብሪቱም ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ ግን ትዝ አላት። ቀጣይዋ እሷ ናት።

አስቡት እስቲ። ሁሉም ሰጠ። ጭብጨባው በጨመረ ቁጥር እሷ የያዘችው ቃል እየከበዳት ሄደ። ልቧ ስጪ ስጪ ይላታል፤ ግን ምን ትስጥ? የሷ ያልሆነውን መሬት? አደራ እኮ ነው። አደራና ልግስና መሀል መቆም ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ?

ማይኩን ያዘች። «እኔ እንደነሱ የሚያስጨበጭብ ነገር ይዤ አልመጣሁም» አለች። «የእድራችንን ቦታ ልንሰጣችሁ አንችልም። አትቀየሙን።»

የትምህርት ቤቱ ዲን ከመቀመጫቸው ተነስተው፣ ስለመጡልን ብቻ እናመሰግናለን አሏት። እንዲህ ሲሏት ደግሞ የባሰ አፈረች። አቶ ናሆም አንገቱን ደፋ። ከኋላ ወንበር ላይ አንዲት ልጅ ተነሳችና በዝግታ ወጣች።

አጠገቧ የተቀመጠችው የመጽሐፎቹ ሴትዮ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። የወጣችው ሐመልማል የምትባል ተማሪ ናት፣ ቅድም ስንጫወት ነግራኛለች፣ ጓደኞቿ ማዘጋጃ ቤትም፣ ጤና ቢሮም፣ ውሃ ልማትም ገብተው እሷ ብቻ ቦታ አጥታ ቀርታ የናንተን እድር እየጠበቀች ነበር አለቻት።

እትዬ ደብሪቱ መቀመጥ አቃታት። ተከትላት ወጣች። ልጅቷ ቧንቧው ጋ ፊቷን ትታጠባለች፤ እንዳለቀሰች እንዳይታወቅ መሆኑ ነው።

«ተቀየምሽኝ ልጄ?»

«ኧረ እማማ፣ እርስዎ ምን አደረጉኝ። የእድሩ ውሳኔ ነው።»

«እስቲ ንገሪኝ፣ በኛ ቦታ ምን ልትሠሪበት ነበር?»

«ቁጭ ብዬ ልማርበት።»

«ይሄ ሁሉ ክፍል እያለ?»

ሐመልማል ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። ክፍሉ ሌላ ነው አለቻት። እሷ የምትፈልገው እናንተ ስትሰበሰቡ፣ ሰው ሲጣላ ስታስታርቁ፣ ሰው ሲሞት ያን ሁሉ ሕዝብ ያለ ጩኸት ስታስተናግዱ አጠገባችሁ ሆኖ ማየት ነው። ልምምድ ይባላል። የልምምድ ቦታ ያላገኘ ተማሪ ዓመቱን ይደግማል። «እኔ ደግሞ መድገም አልችልም» አለች። «ታናሽ እህቴ የኔን መጨረስ ነው የምትጠብቀው። አባታችን ሁለታችንን ባንዴ ማስተማር አይችልም።»

እትዬ ደብሪቱ ቀና ብላ አየቻት። «ቆይ። መሬቱን አይደለም እንዴ የምትፈልጉት?»

«የምን መሬት?»

«ቦታውን ነዋ።»

«እማማ፣ እኔ መሬት ምን ያደርግልኛል? የምቀመጥበት ነው የምፈልገው።»

«ወንበር?»

«ወንበር ባይኖርም ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ።»

«እኔ የእድር ሰው ሆኜ» አለች እትዬ ደብሪቱ፣ «ወንበር ላጣልሽ ነው?»

ይሄኔ ሳቁ መጣባት። ቧንቧውን ተደግፋ ሳቀች። ሐመልማል መጀመሪያ ግራ ገባት፣ ቀጥሎ ገባት፣ እሷም እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። የአጥሩም፣ የጥበቃውም፣ የፎቁም ነገር ተነገራት። ሁለቱ ተደጋግፈው ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ የበሩ ጥበቃ መጥቶ ደህና ናችሁ ወይ አላቸው።

ከዛ እጇን ያዘቻትና ይዛት ገባች። አንድ ሰው እየተናገረ ነው፤ ሰውዬውን እንደ ልጇ ቆጥራ ማይኩን ተቀበለችው።

«ቅድም የመለስኩት ላልተጠየቅኩት ጥያቄ ነው» አለች። «መሬታችንን የጠየቃችሁን መስሎን አባላቱ ሲማከሩ ዋሉ። መሬት አንሰጥም ተብዬ ተልኬያለሁ፤ መሬት አልሰጠሁም። ይቺን ልጅ ግን ከኔ ጎን አስቀምጣታለሁ።»

አዳራሹ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም፣ ገምቱት። አቶ ናሆም ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ዲኑ ከዛሬ ጀምሮ የልምምድ የምትለው ቃል ሳትቀድም ቦታ የሚል ሰው እንዳይኖር ብለው አወጁ። እትዬ ደብሪቱ እኮ ቅድም የሚያስጨበጭብ ነገር የለኝም ያለችው ሴት ናት፤ የቀኑ ትልቁ ጭብጨባ የሷ ሆነ።

ታሪኩ ግን እዚህ አያልቅም፣ ቢያልቅም ይበቃ ነበር፣ ግን አያልቅም።

ሐመልማል ወደ እድሩ መጣች። ጋሽ ሽብሩ ገና እንዳያት፣ ለመሆኑ ሞትን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስንተኛ ዓመት ላይ ነው የሚያስተምሩት አላት። እናንተ ጋ ነው የሚጀመረው ጋሼ አለችው። ወደዳት። እትዬ አስካለ ግን ለተወሰነ ጊዜ አጥር ታጥር እንደሆነ በዓይኗ ስትከታተላት ነበር አሉ።

ልጅቷ ምንም አላጠረችም። ዝም ብላ ትቀመጣለች፣ ታያለች፣ ወንበር ሲነሳ አብራ ታነሳለች። አንድ ስብሰባ ላይ ግን እትዬ ደብሪቱ የሚናገር ካለ ብላ ስትጠይቅ ሐመልማል እጇን አወጣች። ዞራ ከኋላ፣ ሰሃን የሚያጥቡት ሴቶች ጋ አየች። እዛ እማማ ውዴ የሚባሉ አሉ። እድርተኛ ናቸው፣ ግን በስብሰባ ተናግረው አያውቁም። ማንም አትናገሩ አላላቸውም፤ ማንም ተናገሩም አላላቸውም።

«እማማ ውዴ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

እማማ ውዴ እጃቸውን በቀሚሳቸው አደራረቁ። «እኔ የምለው» አሉ፣ «እድራችን ለሞተ ሰው ፈጣን ነው። ለታመመውስ?»

ማንም አልሳቀም። ጋሽ ሽብሩ እንኳን አልቀለደም። ባለፈው ክረምት እሳቸው አልጋ ላይ ወድቀው ውሃ የሚያቀብላቸው ሰው እንዳልነበረ ያን ቀን ነው የተሰማው። ብሞት ኖሮ ድንኳኑ በሰዓቱ ይደርስ ነበር አሉ። ምሬት አይደለም፣ ዝም ብለው ነው ያሉት። እትዬ ደብሪቱ አንገቷን ደፋች፤ ከዛ ቀና ብላ አባላቱን ጠየቀች፣ አባላቱም ተስማሙ። ከዛን ቀን ጀምሮ የታመመ ሰው በተራ ይጠየቃል፤ አንዱ ሾርባ፣ አንዱ ውሃ፣ አንዱ ጨዋታ ይዞ።

ሐመልማል ልምምዷን ጨረሰች። ዓመቷን አልደገመችም። እህቷም ትምህርቷን ጀመረች። ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን፤ አሜን አትሉም እንዴ?

በሚቀጥለው ክረምት እትዬ ደብሪቱ ጭቃ ላይ ተንሸራታ እግሯ ተሰበረ። ተኛች። ያቺ ሁሉን የምታዝ ሴት ተነስታ በሯን መክፈት አልቻለችም። በሩ ተንኳኳ። ማን ይመስላችኋል መጀመሪያ የመጡት? እማማ ውዴ ናቸው፤ ሾርባቸውን በጨርቅ ጠቅልለው። ከዛ ጋሽ ሽብሩ መጣ፤ እሱ ያመጣው ጨዋታ ብቻ ነው፣ ተራው የጨዋታ ነው ብሎ። እትዬ አስካለም መጣች፣ የእግሩ ነገር ወደፊት ምን ምን ሊያስከትል እንደሚችል ዘርዝራ አስረድታት ሄደች። በየቀኑ ሰው አለ። በየቀኑ።

እትዬ ደብሪቱ አልጋዋ ላይ ሆና አቶ ናሆም ጋ ደወለች።

«ላመሰግንህ ነው» አለችው።

«እማማ፣ እኛ ነን እንጂ የምናመሰግነው፤ ልጃችንን ተቀብለው…»

«አንተ ዝም በል። እኔ እኮ ለናንተ ልጅ መቀመጫ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። ልጅቷ ባትጠይቅ ኖሮ ዛሬ ይሄን በር የሚያንኳኳ ሰው የለኝም።»

እሱ እኛ ነን ይላል፣ እሷ እኔ ነኝ ትላለች። ማን ቀድሞ ስልኩን እንደዘጋው አልተነገረኝም። አይበቃም እንዴ ግን? ሁለት ሰው በምስጋና ሲጣላ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እናንተስ?

ዩኒቨርሲቲ መርዳት የባለ ሀብት ነው ብላችሁ ነበር አይደል? የዱቄት ፋብሪካ ያለውን ሰውዬ እግዚአብሔር ይባርከው፤ በእውነት ይባርከው፣ በሱ የተማሩ ልጆች አሉ። ያለው ይስጥ፣ አብዝቶ ይስጥ። ግን ካርቶን ውስጥ መጽሐፍ የቆለፋችሁስ? ሐሙስ ከሰዓት ሥራ የሌላችሁ ጡረተኞቻችን፣ ስህተት የላችሁም? ኧረ አላችሁ፣ ሂዱና አስተምሩበት። ኋላ የተቀመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ ቢሮ ያላችሁ፣ ማኅበር የምትመሩ፣ ክሊኒክ ያላችሁ፣ ነገ በየወንበሩ የሚቀመጡት ልጆች ዛሬ ከጎናችሁ መቀመጥ ነው የሚፈልጉት። ሰው ማገልገል ከመጽሐፍ ብቻ አይለመድም። ከሰው አጠገብ ነው የሚለመደው። ልጁ ሲጠይቃችሁ ደግሞ አትደንግጡ፤ ሊወስድባችሁ አይደለም የመጣው።

እኛ ወጣቶችስ? እኛ ገና የምንሰጠው ትንሽ ነው። ግን እዚህ የደረስነው አንድ ሰው ጠጋ ብሎ ስላስቀመጠን ነው። አንዳችሁን አስተማሪ ነው፣ ከክፍል በኋላ ቆይቶ ያስረዳችሁ። አንዳችሁን አክስት ናት፣ ቤቷ ጠብቧት ሳለ ተቀብላ ያሳደረቻችሁ። አንዳችሁን ስሙን እንኳ የማታውቁት ሰው ነው፣ ለማያውቀው ልጅ የከፈለ። አመስግናችኋቸዋል? አውቃለሁ፣ በልባችሁ ታመሰግናላችሁ። በልብ ያለ ምስጋና ግን ለተመሰገነው ሰው አይሰማም።

እኔ ጨርሻለሁ። ስልካችሁን አውጡ፣ እዚህ ውስጥ ስልክ ማውጣት የተፈቀደበት ብቸኛው ቀን ነው። ደውሉ። ምን ሆንሽ፣ ምን ጎደለህ ይሏችኋል፤ ስንፈልጋቸው ብቻ መደወል አስለምደናቸዋል። ምንም አልጎደለኝም በሏቸው። አንተ ስለነበርክ፣ አንቺ ስለነበርሽ ምንም አልጎደለኝም በሏቸው።